የላፍቶ ጉድጓድ እሳት

ሸጊቱ እሳት ስታያይዝ ፊቷን ወደ ጎን ታዞራለች፣ ዓይኗን ጭፍን ታደርጋለች፣ ትንፋሿን ትይዛለች። ማንም ተነሥቶ አላስተማራትም። የላፍቶ ሴት ሁሉ እንዲሁ ነው የምታደርገው፤ ኩበት ሲያያዝ የሚወጣው ጭስ ቀልድ አያውቅማ። ክብሪቱን ትጭሪያለሽ፣ ከሥር ትሰጃለሽ፣ ዞር ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ጭሱ ቤቱን ሞልቶ በክዳኑ ሥር ሾልኮ መውጣት ሲጀምር እሳቱ ተያያዘ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ በእንባሽ መሃል ድስትሽን ትጥጃለሽ። እናቷ ሞልቱ በመጨረሻ ዘመኗ በሰው እጅ እየተመራች ነበር ደጅ የምትወጣው። ሐኪም አይቷት አያውቅም፤ መንደሩ ግን ዓይኗን የጨረሰው ጭስ ለመሆኑ አልተጠራጠረም። ሸጊቱም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቀኝ ዓይኗ ጉም ጉም ይልባት ጀምሯል። ለማንም አልተናገረችም። ምን ብላ ትናገር? የምትበላው ከዚያው ከጭሱ ነው።

ሥራዋ ኩበት ነበር። ያን ጊዜ ላፍቶ የእርሻ አገር ነው፤ ዛሬ ፎቅ የቆመበት ሁሉ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበታል፣ ከብት ይውልበታል። ሸጊቱ በጠዋት ከየበረቱ እበት ትለቅማለች፣ ከጭድ ጋር ታሻለች፣ በእጇ እየጠፈጠፈች ካጥሩና ከግድግዳው ላይ ትለጥፋለች፤ ሲደርቅ ቆልላ በራሷ ተሸክማ ጎፋ፣ ሲቀናት ደግሞ ብስራተ ገብርኤል ድረስ ወስዳ ትሸጣለች። እሷ የጠፈጠፈችው ኩበት አይሰነጠቅም፣ መንገድ ላይ አይፈረፈርም፣ ቶሎ ይይዛል። ምስጢሩን ለጠየቃት ሁሉ ትናገራለች፣ ምቀኛ አይደለችም፤ ጭዱ ነው ትላለች። ደቀቅ ያለ የጤፍ ጭድ። ጭድ ያልገባበት እበት ነፍስ የለውም፣ እሳቱም የሚይዘው ነገር አያገኝም። በዚህ ነገር ከሷ ጋር የሚከራከር አልነበረም፤ ሐሚዳም፣ ዓለሚቱም፣ ኩበት ጠፍጥፈው የሚያድሩት ሴቶች ሁሉ በጭድ ያምናሉ።

እንግዲህ የአሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ በየአዳራሹ በሚነበብበት ወራት፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አምሐ ሕዝቡን ሰበሰበ። አምሐ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሊቀመንበር ከሆነም በኋላ ሰው ሲያይ ትከሻ የሚለካ ይመስላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ችግሩ ፈሪ ሆኖ ሥልጣን መያዙ ነው። ጉሮሮውን ጠራረገና መመሪያውን አሰማ። መንግሥት በከተማው ዙሪያ ያለው ደን እንዳይቆረጥ ወስኗል። እበትም እየነደደ ጭስ ሆኖ መቅረቱ ይብቃ ብሏል፤ የመሬት ምግብ ነውና። በምትኩ በተመረጡ ቀበሌዎች ከእበት ጋዝ የሚያወጣ ጉድጓድ ይሠራል። ጋዙ ይነዳል፣ ዝቃጩ ለማሳ ይሆናል፣ በእንጨትና በኩበት የሚተዳደሩት ሴቶች ደግሞ እዚያው ጉድጓዱ ላይ በደመወዝ ይቀጠራሉ። የላፍቶ ከብት አርቢዎች ማኅበር እበትም ከእንግዲህ ለጉድጓዱ እንጂ ለኩበት አይሰጥም።

«እሳቱ ደግሞ» አለ አምሐ፣ ራሱም ማመን እያቃተው፣ «ጭስ የለውም።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ግንበኛው ዋቅቶላ ከኋላ ተነሥቶ፣ ጭስ ያልሸተተ ወተት ማን ይጠጣል ብሎ ጠየቀ፤ ሰው ጭራሽ ሆዱን ያዘ። ሐሚዳም ወደ ሸጊቱ ጠጋ ብላ «ወላሂ፣ ቀጥሎ ደግሞ ውሃ የሌለው ዝናብ ያመጡልናል» አለች። ሸጊቱ አልሳቀችም። ጭስ የለውም የሚለው ቃል ጆሮዋ ገብቶ ቀረ። ቤቷ ገብታ ለራት እሳት ስታያይዝ፣ ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጨፍና ሳለች፣ ያንኑ ቃል ደጋግማ ለራሷ ስትለው ታወቃት። ቢዋሹም ደስ የሚል ውሸት ነው ብላ አሰበች።

ብዙም ሳይቆይ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አንዲት ኢንጂነር ተላከች። ጸሐይወርቅ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ሱሪ ለባሽ፣ ሕንድ አገር ተምራ የተመለሰች ልጅ ናት። መንደሩ ጢማም ኢንጂነር ሲጠብቅ እሷ ስትመጣ ጊዜ ዓይኑን ማመን አልቻለም። ልጅቱ ግን ለዚያ ደንታም አልነበራት፤ ቡትስ ጫማዋን ተጫምታ በረት ለበረት እየዞረች እበቱን በእጇ እያነሣች ታያለች። ሸጊቱ ይህን ስታይ ወደደቻት። እበት የማይጠየፍ የተማረ ሰው አይታ አታውቅም።

«ልጄ፣ እስቲ ንገሪኝ» አለቻት አንድ ቀን፣ «እበት እንዴት አድርጎ ነው ያለ ጭስ የሚነደው?»

«እበቱ አይደለም የሚነደው፣ እትዬ ሸጊቱ» አለች ጸሐይወርቅ። «እበቱን ከውሃ ጋር በጥብጠን፣ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ እንዘጋበታለን። እዚያ ውስጥ ሲብላላ ይተነፍሳል። የሚነደው ትንፋሹ ነው።»

«እበት ይተነፍሳል?»

«ይተነፍሳል። ትንፋሹን ዓይንዎ አያየውም፣ እጅዎ አይጨብጠውም። ክብሪት ሲነካው ግን ይነዳል።»

ሸጊቱ ዕድሜ ልኳን ያሻችውን እበት አሰበችው። ይህን ሁሉ ዘመን በእጇ መሃል ሲተነፍስ ኖሮ አላወቀችም ማለት ነው። ሰውነቷን አንዳች ነገር ወረራት፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስትደርስ እንደሚሰማት ያለ ነገር። ከዚያች ቀን ጀምሮ በእበት መቀለድ ተወች።

ሴቶቹን ያግባባችው እሷ ናት። ሐሚዳ አስቸገረች፤ የጎፋ ደንበኞቼን ትቼ በትንፋሽ ልተዳደር ወይ ብላ ሞገተች። ደግሞም ቅጥሩ ገና የሙከራ ነበር። ከላይ የሚመጡ ጓዶች ጉድጓዱን ጎብኝተው እሳቱ ሲነድ ካዩ ሥራው ቋሚ ይሆናል፤ ካልነደደ ቧንቧው ተነቅሎ ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል። በዚህ መሃል የኩበት ደንበኛ ሁሉ ፊቱን ወደ ላምባ ያዞራል፤ ማን ቆሞ ይጠብቃል። ሸጊቱ ይህ ሁሉ አልጠፋትም። ግን ልቧ ተነክቷል። «ካልነደደ እኔን ጠይቁኝ» አለቻቸው። ሴቶቹም እሷን አምነው ኩበት መጠፍጠፍ አቆሙ። ካጥሩ ላይ የመጨረሻው ኩበት ሲነሣ አጥሩ ራቁቱን ቀረ።

ጉድጓዱን ዋቅቶላ ገነባው። ያ በጭስ አልባ ወተት ሲቀልድ የነበረ ሽማግሌ፣ ሥራው ሲጀመር ቀልዱን ተወ። ጸሐይወርቅ በገመድና በችካል እያሳየችው፣ ከመሬት በታች ክብ ግንብ አቆመ፤ ከላዩ ጉልላቱን ያለ ምንም ድጋፍ፣ ጡቡን በጡብ ላይ እያስደገፈ አጠፈው። ሲያልቅ የተደፋ ትልቅ ድስት መሰለ። አናቱ ላይ ሰው የሚያስገባ አፍ ነበረው፣ ክዳኑ ሳይገጠም። አፈር ሳይለብስ በፊት ሸጊቱ ሄዳ መዳፏን አኖረችበት፤ ቀዝቃዛና ልስልስ ነው። ጎንበስ አለችና በአፉ በኩል ወደ ውስጥ ስሟን ጠራች። ጉልላቱ ስሟን እያዞረ እያዞረ ከሷ ድምፅ በወፈረ ድምፅ መለሰላት። ወደ ኋላዋ አፈገፈገች። ዋቅቶላ ሲሚንቶ የያዘ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ «እኔም ፈርቼዋለሁ» አላት። «ይህን ያህል ዘመን ቤት ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።»

ከዚያ መሙላት ተጀመረ። የጸሐይወርቅ ትእዛዝ አጭር ነበር። እበትና ውሃ፣ እኩል በእኩል። ሌላ ምንም ነገር እንዳይገባ። አምሐ ደግሞ ከሷ ተቀብሎ በራሱ ቋንቋ አከበደው፤ ሌላ ነገር የጨመረ ሰው በኢኮኖሚ አሻጥር ይጠየቃል አለ። አሻጥር የምትባለው ቃል በዚያ ዘመን ምን እንደምታመጣ ላፍቶ ጠንቅቆ ያውቃል። ሴቶቹ በየተራቸው ጉድጓዱ አጠገብ በተሠራው ገንዳ ላይ እየቆሙ እበቱን ይበጠብጣሉ፣ በቱቦ ወደ ጉድጓዱ ይለቁታል።

ሸጊቱ ተራዋ ሲደርስ ገንዳው ውስጥ አየች። አጥሚት የመሰለ ቀጭን ነገር ይዋኛል። በጠበጠችው፣ በእጇ አነሣችው፣ በጣቶቿ መሃል ሾልኮ ሄደ። ይሄ ምኑን ይዞ ይነዳል? ልጅቱ ጎበዝ ናት፣ ግን የተማረችው በሕንድ ላም ነው፤ የላፍቶን ላም እበት ማን አስተማራት። ሴቶቹ በእኔ ቃል ነው ኩበታቸውን የጣሉት፣ ይሄ ነገር ባይነድ ምን ፊት አለኝ እያለች ስትብሰለሰል ከረመች። በመጨረሻ አንድ ጠዋት በነጠላዋ ጫፍ ጭድ ቋጥራ መጣች። ግራ ቀኝ አየች። ለቀቅ አደረገችውና በጠበጠችው። ከክፋት አልነበረም፣ አምላክ ያውቃል። አዝናለት ነው። ልጇ ራቁቱን እንደቆመ አድርጋ አይታው ነው። ከዚያ በኋላ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ነጠላዋ ቋጠሮ አላጣም።

ጉድጓዱ ሞላ፣ ክዳኑ በጭቃ ታሸገ፣ ጥበቃው ተጀመረ። ጸሐይወርቅ ይተነፍሳል ያለችው ቀን ደረሰ። ቧንቧው የገባበት የማኅበሩ ወተት ማፍያ ቤት ሄደች፣ ምድጃውን ከፈተች፣ ክብሪት ጫረች። ክብሪቱ ነደደና ጣቷን ለብልቦ ጠፋ። በማግሥቱም እንዲሁ። በሳምንቱም እንዲሁ። ልጅቱ እንቅልፍ አጣች፤ ቧንቧውን ፈትታ ገጠመች፣ በሳሙና አረፋ እየቀባች የሚያፈስ ቦታ ፈለገች። ምንም የለም። ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። ሴቶቹም ሸጊቱን በዓይናቸው መጠየቅ ጀመሩ። ሐሚዳ በአፏ አልተናገረችም፤ ሲገናኙ ግን ሰላምታዋ አጠረ።

አምሐ ደግሞ ላብ አጠመቀው። የጎብኚዎቹ ቀን እየቀረበ ነው፤ ከላይ ለሚመጡት ጓዶች ምን ሊላቸው ነው? አንድ ጥፋተኛ ያስፈልገዋል፣ እሱም ተገኘለት። ስብሰባ ጠራና፣ ጋዙ የጠፋው ጉልላቱ ስለሚያፈስ ነው፣ ጉልላቱ የሚያፈሰው ደግሞ ሲሚንቶ ስለተሰረቀ ነው፣ ይህ አሻጥር ነው አለ። ሁሉም ዞሮ ዋቅቶላን አየ። ሽማግሌው ተነሣ።

«ነገ ጠዋት ጉልላቴን በገዛ እጄ እሰብረዋለሁ» አለ። «ሲሚንቶው ውስጡ እንዳለ ታያላችሁ። ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

ጸሐይወርቅ አንገቷን ደፋች። እሷም ሌላ ምክንያት አጥታ ጉልላቱን ጠርጥራ ነበር። አንዴ ከተሰበረ ዳግም የሚገነባበት ሲሚንቶ እንደማይሰጣት ደግሞ ታውቃለች።

ሸጊቱ ቤቷ የገባችው እግሯን እየጎተተች ነው። ጭዱ አልታሰባትም፣ እውነቱን ለመናገር። ጭድ እሳትን ይረዳል እንጂ መቼ ይከለክላል። ያሳዘናት ዋቅቶላ ነበር፣ ያሳዘናት ያ ስሟን መልሶ የጠራት ጉልላት ነበር፣ ያሳዘኗት ራቁቱን የቀረው አጥርና የሐሚዳ አጭር ሰላምታ ነበሩ።

በማግሥቱ የማርያም ጽዋ ተረኛ ስለነበረች ጠላዋን ልታቀጥን ማልዳ ተነሣች። የጋኑን አፍ ከፈተች። ድፍድፉ አብጦ፣ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ጌሾውና ገለባው ተያይዞ አንገቱ ላይ ወፍራም ክዳን ሠርቷል። ይህን አይታ የማታውቅ አይደለችም፤ በጠመቀች ቁጥር የምታየው ነው። እንደ ልማዷ ማማሰያውን አንሥታ ወጋችው። ድፍድፉ ቀዳዳ አበጀና ከሥሩ የታፈነው አየር እፍ ብሎ ፊቷን መታት።

ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች። ጭድ ይቀላል። ጭድ ይወጣል። ጭድ ይያያዝና ይደፍናል። ጉድጓዱ ይተነፍሳል፣ መቼም ልጅቱ አልዋሸችም፣ ሲተነፍስ ነው የከረመው፤ አፉን የዘጋሁበት እኔ ነኝ። ወይ ጉድ አለች፣ ለጋኑ።

ከዚያ ፍርሃቱ መጣ። አሻጥር። ሁሉ እየሰማ ሊቀመንበሩ የተናገረው ነው። ዝም ብትልስ? ዝም ካለች ማንም አያውቅባትም፤ ጭዱን ስትጨምር ያያት የለም። ዋቅቶላ ግን ይታሰራል፣ ጉልላቱም ይፈርሳል፣ ጭስ የሌለውን እሳት ላታየው ነው። የትኛው እንደገፋት እሷም አታውቀውም። ብቻ የጋኑን አፍ ሳትከድን፣ ነጠላዋን ካንዱ ትከሻዋ እየጎተተች ወጥታ ሮጠች።

ስትደርስ ሕዝቡ ተሰብስቧል። ዋቅቶላ ከጉልላቱ ላይ አፈሩን ጠርጎ፣ ተንበርክኮ፣ መሮውን አኑሮ መዶሻውን አንሥቷል።

«ተው ዋቅቶላ፣ ተው» አለች ሸጊቱ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ጉልላቱ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ። ጭድ ጨምሬበታለሁ።»

መዶሻ የያዘው እጅ እዚያው አየር ላይ ቆመ። አምሐ ቀስ ብሎ ወደሷ መጣ።

«ምን አልሽ?»

«ጭድ፣ ጓድ ሊቀመንበር። በተራዬ በተራዬ። እሳቱ የሚይዘው ነገር ቢያገኝ ብዬ ነው። ከፈለጋችሁ እሰሩኝ፣ ጉልላቱን ግን አትንኩት።»

አምሐ አፉን ከፈተ። አሻጥር ሊል ነው፤ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ይኼኔ ከሴቶቹ መሃል ሐሚዳ ሳል አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ መሬት መሬት እያየች፣ «እኔም ጨምሬያለሁ» አለች።

«አንቺ?» አለች ሸጊቱ። «ምን ብለሽ?»

«ያለ ጭድ ነፍስ የለውም ትዪ የለ? አዘንኩለታ።»

ዓለሚቱም እጇን አወጣች። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ጥቂት አለች። ከሷ ቀጥሎ ሌላዋ፣ ከሌላዋ ቀጥሎ ሌላዋ። ለካስ አንዷ ከሌላዋ ተደብቃ፣ በየነጠላዋ ጫፍ እየቋጠረች፣ የላፍቶን ጭድ ሁሉ ጉድጓዱ ውስጥ ሲያገቡት ከርመዋል። አምሐ አንዷን አይቶ ወደ ሌላዋ ሲዞር፣ ዓይኑ የገዛ ሚስቱ ላይ አረፈ። ወርቄ ከኋላ ቆማ ጣቷን ታፍተለትላለች። እሷም በተራዋ ገንዳው ላይ ትሠራ ነበር።

«አንቺም?» አላት፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«ትንሽ ናት» አለች ወርቄ።

መጀመሪያ የሳቀችው ጸሐይወርቅ ናት። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ያ ሁሉ እንቅልፍ ያጣችበት ነገር በሳቅ ወጣላት። ዋቅቶላ መዶሻውን ወርውሮ ተከተላት። ሕዝቡም ተከተለ። አምሐ ብቻ እንደተገተረ፣ ከሚስቱ እስከ ሸጊቱ ያሉትን ሴቶች በዓይኑ ለካቸው፤ አሻጥረኛ ልበል ካለ የሚያስረው ቤቱን ነው። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ይሄ እንግዲህ የንቃት ማነስ ነው» አለ። ነገሩ በዚሁ ቀረ።

ጸሐይወርቅ ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች። «ጥፋቱ የኔም ነው» አለች። «ምንም አትጨምሩ አልኩ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገርኳችሁም። ጭዱ እንደ ምንጣፍ ሆኖ ሸፍኖታል። ጋዙ ከሥሩ አለ። እናወጣዋለን።» ቀጥላም እሳት የያዘ ሰው ከዚህ ይራቅ ስትል፣ አምሐ ሲጋራውን ከአፉ ነቅሎ ወደ ጭቃው ወርውሮ፣ በጫማው እስኪበቃው ረገጠው።

ክዳኑን ከፈቱ፣ ሽታው እስኪወጣ ርቀው ጠበቁ፣ ከዚያ በረጅም መንሽ እየጎተቱ ጭዱን አወጡት። የወጣው ነገር ጉድ ነው፤ ተሠፍቶ የተዘረጋ ሰሌን ይመስል ነበር። ዋቅቶላ በእግሩ እየገለበጠ አየውና፣ «ለምርጊት የሚሆን ጥሩ ጭቃ ነው» አለ። ከዚያ ወደ ሸጊቱ ዞረ። «ልታሳስሪኝ ነበር እኮ አንቺ።» ይቅር በለኝ አለችው። «ይቅር ብዬሻለሁ» አላት፤ «ጭዱን ግን እወስደዋለሁ።»

ጉድጓዱ እንደገና ተሞላ። እበትና ውሃ፣ እኩል በእኩል። አሁን ሴቶቹ አንዷ የሌላዋን ነጠላ ትፈትሽ ጀመር። ጸሐይወርቅ ግን ዳግመኛ ክብሪት አልጫረችም፤ ክዳኑ ሲከፈት የገባው አየር ጨርሶ ሳይወጣለት አይነካም፣ ይፈነዳል አለች። እናም የጎብኚዎቹ ቀን ሲደርስ፣ ይንደድ አይንደድ የሚያውቅ ሰው በመላ ላፍቶ አልነበረም።

ጎብኚዎቹ ካኪያቸውን ለብሰው መጡ። መፈክር ተሰማ፣ ጭብጨባ ተሰማ። ወተት ማፍያው ቤት ጢም ብሎ ሞላ። ወርቄ የወተቱን ድስት ይዛ ተዘጋጅታለች። ከላይ የመጡት ዋና ጓድ ክብሪቱን ለአምሐ ሰጡት። ባይነድስ? ዞር ዞር አለና ክብሪቱን ለሸጊቱ አቀበላት።

«የለፋችበት ጓዳችን ትለኩሰው» አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ዝቅ አድርጎ፣ «ካልነደደ ባንቺ ነው» አላት።

ጸሐይወርቅ መክፈቻውን አዞረች። ሸጊቱ ጎንበስ አለች። የሴቶቹ ሁሉ ዓይን ጀርባዋ ላይ እንዳለ ታውቃለች፤ የሐሚዳ ልጆች፣ የዓለሚቱ የቤት ኪራይ፣ የራሷ ዓይን፣ ሁሉም በዚህች ክብሪት ላይ ነው። ጫረቻት። ወደ ምድጃው ሰደደቻት። ፊቷን ወደ ጎን አዞረች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ትንፋሿን ያዘች።

ከኋላዋ የነበሩት ሴቶችም እንዲሁ አደረጉ። ሐሚዳ፣ ዓለሚቱ፣ ወርቄ ድስቷን እንደያዘች፣ ሁሉም ባንድ ላይ ፊታቸውን አዞሩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያዘዛቸው የለም። ክብሪት ሲጫር ሰውነታቸው የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ሸጊቱ ጠበቀች። ጭሱን ጠበቀች። አልመጣም። ትንፋሿ አለቀባትና ሳትወድ ሳበችው፤ ያው ንጹሕ አየር ነው፣ ጉሮሮዋን የያዘው የለም። አልነደደም ማለት ነው አለች በሆዷ። ወሽመጧ ተቆረጠ። ቤቱ ውስጥ ከአንድ ቀጭን የሹክሹክታ ድምፅ በቀር ኮሽ የሚል የለም።

«አልነደደም አይደል?» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«እትዬ ሸጊቱ» አለች ጸሐይወርቅ። «ዓይንዎን ይግለጡ።»

ገለጠችው።

ምድጃው ላይ ሰማያዊ እሳት ቆሟል። ቀይ አይደለም፣ ብጫ አይደለም፤ ክረምት ሲወጣ የሚታየውን ሰማይ ነው የሚመስለው። ዙሪያውን በትናንሽ ምላስ ተከቦ፣ ሳይዘል፣ ሳይንጣጣ፣ ብልጭታ ሳይረጭ፣ ጸጥ ብሎ ይነዳል። በላዩ ያለው አየር ብቻ ጠራ እንዳለ ውሃ ይርገበገባል። አመድ የለ፣ ጭስ የለ። ከላም ሆድ የወጣ፣ በእጇ የበጠበጠችው፣ በጉድጓድ ጨለማ የተነፈሰ ነገር ነው ይሄ። ሸጊቱ ማማተብ ጀመረችና እጇ ግንባሯ ላይ ቀረ።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ማንም እልል አላለም። ሐሚዳ «አላሁ አክበር» ያለችው ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነው፤ ዓለሚቱ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታየ። ዋቅቶላ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ዋናው ጓድ እንኳ ዓይናቸውን ከእሳቱ ሳይነቅሉ ነው ለአምሐ፣ ሥራው ቋሚ ይሁን፣ ሴቶቹም ይቀጠሩ ያሉት። አምሐ የሰማ አይመስልም፤ እሱም አፉን ከፍቶ እሳቱን ያያል።

ወርቄ ወተቱን ልትጥድ ድስቷን ይዛ ቀረበች። ሸጊቱ እጇን ዘርግታ አገደቻት። ጎንበስ አለች፣ ፊቷን እሳቱ አጠገብ አደረገች፣ ጉም ጉም የሚላትን ዓይኗን ሳይቀር ቧ አድርጋ ከፈተች። ሙቀቱ ጉንጯን ነካት። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«ትቃጠያለሽ፣ አንቺ ሴት» አለ ዋቅቶላ።

«ቆይ» አለች ሸጊቱ። «ቆይ፣ ልየው። ዕድሜዬን ሙሉ ሳነደው ኖሬ፣ እሳት ምን እንደሚመስል አይቼው አላውቅም ነበር።»

ወርቄ ድስቷን እንደያዘች ቆማ ጠበቀቻት።